የፈይሳ መርጫና የሙሉወርቅ ነጠላ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ደፍሬ መጻፌ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ እጄ ይፈራል። ግን የጎረቤቴን የሙሉወርቅን ነገር አንድ የተማረ ሰው ይጽፈው ይሆናል ብዬ ብጠብቅ፣ የተማረው ሁሉ ሥራ አለበት መሰለኝ፣ ማንም አልጻፈውም። እንግዲህ ከዓይኔም ከእሷም አፍ ያገኘሁትን እኔው ልጻፈው። የተሳሳተው በእኔ ይሁን።

ወለጋ ውስጥ፣ ከኡኬ ከተማ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የግራዋ አጥር ያለው ቤት የሙሉወርቅ ነው። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው በጭነት መኪና ሲመጡ እሷ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነበር። እዚሁ አደገች። ገበያ ውላ ኦሮምኛዋን የሰማ ሰው መጤ ናት አይላትም፤ ቤት ስትገባ አማርኛዋ የወሎ ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ይወጣሉ፣ ያኔ ከፊቷ ዞር ማለት ነው። ቀነአ የሚባል የአገሬውን ልጅ አገባች። ኬኔ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ኬኔም አድጋ ነቀምቴ ገባች።

ቀነአ ንብ ይወድ ነበር። እዚህ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነው፤ ወንድ በገመድ ይወጣል፣ በገመድ ይወርዳል፣ ሴት ከሥር ሆና ዕቃ ትይዛለች። ቀነአ ታሞ ሲሞት ቀፎዎቹ ከነንባቸው ዛፍ ላይ ቀሩ። ሐዘኑ በረድ ሲል የባሏ ታናሽ ወንድም ፈይሳ መጣ።

"ሃዳ ኬኔ፣" አላት፣ የኬኔ እናት ማለቱ ነው፤ "ቀፎውን እኔ ልያዘው። ማሩን አካፍልሻለሁ። መቼም ሴት ዛፍ አትወጣ!"

"ማን እወጣለሁ አለህ? እነሱ ይወርዳሉ እንጂ።"

አወረደቻቸው። ጎረምሶች ጠርታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በጭስ አብርዳ፣ አንድ በአንድ በገመድ አስወርዳ ጓሮዋ ውስጥ ቆጥ ላይ ደረደረቻቸው። ቀነአ በመጨረሻ ያስገባው መንጋ ያለበትን ቀፎ ደግሞ ዓይኗ እንዳይለየው ከቤቷ ታዛ ሥር አስቀመጠችው። ሰፈሩ ሳቀ። "ንብ እንደ ዶሮ መሬት ላይ ልታረባ ነው!" ተባለ። ንቡ ግን አልሄደም። ማር ሲሰጥ ጊዜ ሳቁ ቀረና ስም ወጣላት፤ ሃዳ ከኒሳ፣ የንብ እናት። ስሙን ያወጡላት ለማላገጥ ነበር። እሷ ግን ስትጠራበት "አቤት" ትላለች።

አሁን የመርጫውን ነገር ላስቀድም፤ ካላወቃችሁት የኋላው አይገባም። በእኛ ሰፈር በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ ያለው ፈይሳ ብቻ ነው። ከበረንዳው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የቸገረው ዘመድ ወይ ጎረቤት "ልዋስ" ብሎ ያነሳዋል። ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መከልከል የባሰ ነውር ነው። የተዋሰው ሰው ደግሞ ማታ፣ ከብት ሲገባ፣ አጥቦ ይመልሳል። ይህን ወግ የፈይሳ አባት በማረሻቸው ጀመሩት፣ ልጆቻቸውም ያዙት፤ ፈይሳ በዚህ አይታማም። ደግ ሰው ነው። ክፉ ነው ብዬ ልጽፍበት አልተነሳሁም።

ነሐሴ እያለቀ፣ በቆሎው ሲያብብ ተምች ገባ። የፈይሳ ማሳ ከሙሉወርቅ አጥር ጀምሮ እስከ ወንዙ ነው፤ ቅጠሉ ወንፊት ሆነ። ፈይሳ መድኃኒት ገዝቶ፣ አንድ ጧት መርጫውን አዝሎ ገባበት። ጧት የሆነበትም ምክንያት አለው። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም፤ ማታ የተረጨው ሌሊቱን ታጥቦ ያድራል። ግን ንብም በቆሎ ላይ የምትወጣው ጧት ነው፤ የአበባው ዱቄት የሚራገፈው ያኔ ነው።

ረፋዱ ላይ ሙሉወርቅ ጓሮ ብትወጣ ከቀፎዎቹ ሥር መሬቱ ጠቁሯል። መጀመሪያ ጉንዳን መሰላት። ጎንበስ ስትል ንብ ነው። አንዳንዱ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ያወራጫል፣ አንዳንዱ እንደ ሰካራም ባለበት ይዞራል። እንዳትረግጣቸው ፈርታ እግሯን አንስታ ቆመች፤ ማስቀመጫ ቦታ አጣች።

"ፈይሳ!" ብላ በአጥሩ ላይ ጮኸች። "ምንድን ነው የረጨኸው? ንቦቼን ጨረስካቸው እኮ!"

ፈይሳ ከበቆሎው መሃል ብቅ አለ፣ አፉን በሻሽ ሸፍኗል። አጥሩ ጋ መጣና ዝቅ ብሎ አየ። ደነገጠ፣ ይህን አልደብቅም። ግን የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መውጫ ነው።

"ቆይ፣ ቆይ፣" አለ። "ባለፈው መርጫዬን የተዋስሽው ለምን ነበር?"

"ላሜን ለመዥገር ልረጭ።"

"ቀፎውን የለቀለቅሽውስ በምንድን ነው?"

ሙሉወርቅ ዞራ ቀፎዎቹን አየች። ዝናቡ የቀፎዎቹን ልስን ስላነሳው፣ በላሟ እበትና በአመድ አድሳ ለቅልቃቸው ነበር። ያችው የተረጨችው ላም ናት።

"ማሎ፣ እባክሽ ሃዳ ኬኔ!" አለ ፈይሳ፣ መውጫውን እንዳገኘ። "መርዙን በገዛ እጅሽ ቤታቸውን ቀባሽበት። እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?"

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ምንጩ ዘንድ ደረሰ። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ በኦሮምኛ እየተቀባበሉ ነው። "ሃዳ ከኒሳ ልጆቿን ቀብታ ገደለች አሉ!" አለች አንዷ። ሙሉወርቅ ለወትሮው ለእንዲህ ያለው አፍ መልስ አታጣም። ያን ቀን ግን እንስራዋን ሞልታ ወጣች። ውስጧን የበላት የሰው ሳቅ አይደለም። እውነት ቢሆንስ? ቀነአ ዛፍ ለዛፍ ሲንከራተት የሰበሰበውን እኔ በእበት ጨርሼው ቢሆንስ? እያለች ቀፎ ለቀፎ ስትዞር ዋለች።

ፀጋ የምትባል የንብ ባለሙያ ወረዳው ውስጥ አለች። ወጣት ናት፣ በሞተር ሳይክል ነው የምትዞረው፣ ጭቃው ላይ ስትንሸራተት ሰው ሁሉ ይጮኻል። ሙሉወርቅ አስጠራቻትና መጣች።

"አካም ጅርቱ፣ ሃርሜ?" ብላ፣ እንዴት ነዎት እናቴ ማለቷ ነው፣ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ወደ ቀፎዎቹ ሄደች።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው?"

ፀጋ ጎንበስ ብላ አንድ የሞተ ንብ አነሳች። "ይህን ላቦራቶሪ ነበር የሚናገረው" አለች። "ግን ትኩስ የሞተ ንብ በበረዶ ተይዞ ነው የሚላከው። ይሄኛው ሰንብቶ ጠቁሯል፣ አሁን ቢላክም ምንም አይናገር። በዓይን የሚታየውን እንይ።"

ሁለቱም ተሸፋፍነው፣ በቀስታ ጭስ እየሰጡ አንዱን ቀፎ ከፈቱ። ፀጋ እያንዳንዷን ነገር እያሳየች ነገረቻት። ንብ በረሃብ ከሞተች ራሷን ሰፈፉ ውስጥ ደፍታ ትገኛለች። ጉንዳን ከሆነ ገላዋ ይቆራረጣል። መርዙ ከግድግዳው ላይ ቢሆን ደግሞ ቀድመው የሚያልቁት ከቤት የማይወጡት ናቸው፤ ሞግዚቶቹና እጩ፣ ትል የሚመስለው ጨቅላቸው። እዚህ ግን እጩ ነጭ ነው፣ ጤነኛ ነው፤ አጠገቡ ያሉትም ደኅና ናቸው። የጠፉት ወጥተው የሚቀስሙት ናቸው።

"የሞቱትም በር ላይ ነው" አለች ፀጋ። "ከውጭ ይዘውት የመጡት ነገር ነው የሚመስለኝ፣ ሃርሜ። ግን መስሎኛል ነው የምልዎት። ልስኑን ሙሉ በሙሉ ነፃ ላወጣው አልችልም።"

ሙሉወርቅ ያን ጊዜ ጭኗን መታች። "ውይ እኔ ደንቆሮዋ! የታዛው!"

"የታዛው ምን?"

"የታዛውን እኮ አልለቀለቅኩትም! ዝናብ አያገኘው፣ ልስኑ አልተነሳ፣ ለምን ብዬ እለቀልቀዋለሁ? ከእሱም ሥር እኮ እንደዚሁ ረግፈው አገኘኋቸው!"

ሁለቱም ወደ ታዛው ሄዱ። አሮጌው ልስን እንደተሰነጠቀ አለ፣ አዲስ እበት አልነካውም። ከሥሩም የሞቱት አሉ። ፀጋ ሳቀች። "ይሄንን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ያን ሁሉ ንግግር ባልደከምኩ።"

"እኔስ መቼ አስታወስኩት፣ አንቺ ስታወሪ አይደል የመጣልኝ!"

ሙሉወርቅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። ቀና አለች። እኔ ራሴ በአጥሩ አይቻታለሁ፣ አረማመዷ ተለውጧል።

ፀጋ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር አዘዘቻት። ነጭ ጨርቅ ከቀፎዎቹ በር ፊት ታንጥፍ፤ በየቀኑ የወደቀውን ትይ፤ ፈይሳ ያልረጨ ዕለትና የረጨ ዕለት ምን እንደሚመስል ሰው ጠርታ ታሳይ። ጭቃና ሣር ላይ የወደቀ ንብ አይታይም፤ ነጭ ላይ ግን አይደበቅም።

"ነጭ ምን አለኝ? የማዳበሪያ ጆንያ ነው ያለኝ።"

"ጆንያ መድኃኒት ነክቶት ይሆናል። ኋላ እሱ ነው የገደላቸው ይሉዎታል።"

ስለዚህ የበዓል ነጠላዋን አወጣች። ኬኔ ከነቀምቴ የገዛችላት፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ፣ ለሠርግና ለእንቁጣጣሽ ብቻ የምትለብሰው። ያንን ከታዛው ቀፎ ፊት መሬት ላይ ዘረጋችውና በአራት ድንጋይ አስያዘችው።

"ሰው ነጠላ ለብሶ እግዜር ቤት ይሄዳል፣" አለ ፈይሳ በአጥሩ እያየ፣ "አንቺ ለንብ ምንጣፍ አደረግሽው?"

"እንግዳ ስለምጠብቅ ነው።"

"ማንን?"

"የአንተን መድኃኒት።"

ፈይሳ ባልረጨባቸው ቀናት ነጠላው ላይ የሚወድቀው ጥቂት ነው፤ ክንፋቸው የነተበ፣ ያረጁ። ከዚያ ተምቹ እንደገና ፈላ። ፈይሳ በጧት ተነስቶ በወንዙ በኩል ያለውን ማሳ ረጨ። ረፋዱ ላይ ሙሉወርቅ ሰፈሩን ጠራች፣ እኔንም ጠራችኝ።

እንዲህ ነው ያየሁት። ከበቆሎው በኩል ንቦች እየተንገዳገዱ ይመጣሉ። ከቀፎው በር ሳይደርሱ ነጠላው ላይ ይወድቃሉ። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ምላሳቸው እንደ ክር ወጥቶ ይቀራል። እግራቸው ላይ የበቆሎው ዱቄት ቢጫ ሆኖ እንዳለ ነው፤ ለቤታቸው የያዙትን ሳያደርሱ ነው የሚሞቱት። በር ድረስ የደረሱትን ደግሞ ዘበኞቹ አሽትተው ይገፏቸዋል፣ የገዛ እህቶቻቸው ያባርሯቸዋል። እነዚያ የምንጭ ዳር ሴቶችም ነበሩ። አንዲቱም አልሳቀችም።

ሙሉወርቅ የነጠላውን አራት ጫፍ ሰብስባ ቋጠረች። በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ ከዋንዛው ሥር ስለ አንድ የወሰን ነገር ተቀምጠው ነበር። ሳትጠራ ሄደች። እንደ ወጉ ቢሆን ሴት ባለጉዳይ ዳር ቆማ ጊዜ ትጠብቃለች። እሷ ግን መሃል ገብታ፣ ከትልቁ ሽማግሌ ከኦቦ ጃራ እግር ሥር ነጠላዋን ፈታ ዘረጋችው።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ ኦቦ ጃራ፣ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው።

"የቀነአ ንብ ነው፣ ኦቦ ጃራ። እኔ ቀብቼ ገድያቸዋለሁ እየተባለ ነው። ይመልከቱት። እግራቸው ላይ ያለው የማን በቆሎ ነው?"

ፈይሳ ተጠራ። ፀጋም ተጠርታ መጣችና ያየችውን ተናገረች። የመርዙን ስም ያለ ላቦራቶሪ አልናገርም፣ ግን ንቦቹን ያገኛቸው ከቤታቸው ውጭ፣ አበባ ላይ ነው፣ ያልተለቀለቀውም ቀፎ እኩል ተጎድቷል አለች። ፈይሳ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የእበቱን ነገር ዳግም አላነሳም።

"ተዉት፣ እኔ ነኝ እንበል" አለ በመጨረሻ። "ታዲያ ምን ላድርግ? ተምቹ በቆሎዬን ይብላው? ማታ እንዳልረጭ ዝናቡ ያጥበዋል። ልጆቼ ማር አይደለም የሚበሉት፣ በቆሎ ነው።"

ኦቦ ጃራ ጢማቸውን ዳሰሱ። "እውነት ነው፣ በቆሎውን ነቅሎ የት ይወስደዋል? ሙሉወርቅ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ቀፎሽን ራቅ ብታደርጊ አይሻልም?"

"ወዴት ነው የማርቀው?" አለች። "ዛፍ ላይ ሳለ አውርጂው አልተባልኩም። መሬት ላይ ስላወረድኩት ተሳቀብኝ። አሁን ማር ሲሰጥ ደግሞ አንሺው? ቀፎው ከዚህ አይነሳም! እኔ አትርጭ አላልኩም። ጧት አትርጭ ነው ያልኩት። ንቤ ስትገባ ይርጭ።"

"የሚረጭበት ቀን በሩን ዝጊያ!" አለ አንዱ ከጎን።

"አንድ ቀን ይዘጋል። በየጊዜው በታፈነ ቤት ማን ይኖራል? እርስዎን ጎረቤትዎ ሊረጭ ነውና በርዎን ዘግተው ይዋሉ ቢልዎት ይውላሉ?"

ሳቅ ሆነ። ሰውየውም ሳቁ። ነገሩ ግን አላለቀም። ኦቦ ጃራ በሚቀጥለው ሳምንት እንየው፣ እስከዚያ ሁለታችሁም ተነጋገሩ አሉ።

"ተምች ሳምንት አይጠብቅም" አለ ፈይሳ፣ እየተነሳ። "ዛሬ በወንዙ በኩል ያለውን ረጭቻለሁ። ነገ ጧት በአጥሯ በኩል ያለውን እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ያለኝን እሰማለሁ።"

ሰው ሁሉ ገባው። በአጥሯ በኩል ያለው ከተረጨ ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገር አይኖርም። በቆጡ ላይ ካሉት ቀፎዎች ብዙዎቹ ዝም ብለዋል፤ የታዛው ብቻ ነው ትንሽ ድምፅ ያለው። ፀጋ አዘነች፣ ወረዳው ላይ እናገራለሁ፣ ግን እስከ ነገ ጧት የሚደርስ ሰው የለም አለች። ሙሉወርቅ ነጠላዋን ቋጥራ ተነሳች። ከዋንዛው አብረን ተመለስን። አጥሬ ጋ ስንደርስ ቆም አለችና፦

"ይሄ ፈይሳ መርጫውን አሁንም በረንዳው ላይ ነው የሚሰቅለው?" አለችኝ።

"የት ይሰቅለዋል ታዲያ?" አልኳት።

በነጋታው ጧት፣ ጤዛው ሳይነሳ ሙሉወርቅ ከፈይሳ በረንዳ ላይ ቆማለች። ፈይሳ ከደጁ ጎንበስ ብሎ ፊቱን እየታጠበ ነው። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከባልዲው ጎን ተዘጋጅቷል።

"አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርክ ፈይሳ?"

"ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ምነው በጧት፣ ሃዳ ኬኔ?"

"መርጫህን ልዋስ።"

ፈይሳ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቀና አለ። "መርጫዬን? ዛሬ? ለም..." ብሎ አቋረጠ። ለምን ብሎ አያውቅም፣ አባቱም ብለው አያውቁም። ጎረቤቱ ደግሞ ተነስቷል፣ እኔም መንገዱ ላይ ነኝ፣ ሌሎችም ከብት እያወጡ ቆመው ያያሉ።

ሙሉወርቅ መርጫውን ከምሰሶው አወረደች። ማንገቻውን በትከሻዋ አስገብታ አዘለችው፣ እናቷ እሷን ከወሎ እንዳመጣቻት አድርጋ።

"መቼ ልትመልሺ?" አለ ፈይሳ፤ ድምፁ ግማሹ ቁጣ ግማሹ ሳቅ ነው።

"እንደ ወጉ ነዋ፣ ማታ። ንቤ ስትገባ። ውሃውን እኔ ከወንዙ አመላልስልሃለሁ፣ ላንተ መርጨት ብቻ ነው። ሌሊት ዘንቦ ካጠበው ደግሞ ትሉን ካንተ ጋር በእጄ እለቅማለሁ፤ ከኬኔ አባት ጋር ስንለቅም አይተኸኛል። ጧት ግን መርጫ የለህም።"

"ነገ ጧትስ?"

"ነገም እዋሳለሁ። በቆሎው አበባውን እስኪጨርስ እዋሳለሁ። ከከለከልክ እንግዲህ ከልክል፣ ሰው እየሰማ።"

ፈይሳ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። ሰዉን አየ፣ ጠርሙሱን አየ። "ውሃው ሙሉ ይሁን ታዲያ" አለ በመጨረሻ። "በጎደለ ባልዲ እንዳትመጪብኝ።"

"ኤዬ፣ እሺ" አለችው፣ ዞራም አላየችውም።

መርጫውን እንዳዘለች አጥሯን ዞራ ገባች። ከታዛው ሥር አስቀመጠችው፣ ያላጠበችውን፣ የበቆሎ ዱቄት ቢጫ ያደረገውን ነጠላ ከቀፎው በር ፊት ዘረጋች፣ ድንጋዮቹን አስያዘች። ፀሐይ ስትሞቅ ከታዛው ቀፎ ጥቂት ንቦች ወጡ። አጥሩን ተሻግረው ወደ ፈይሳ በቆሎ ገቡ። እሷም መቀመጫ ዱካዋን ስባ ከመርጫው አጠገብ ተቀመጠች፣ አንድ እጇን ማንገቻው ላይ አድርጋ፣ እስኪመለሱ።